የታሰረ ፍጥነት በገበያ ላይ፦ ከአኖ እስከ ነቀምቴ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ባኮን አለፍ እንዳለ የሚያገኛትን አኖን ብዙውን ጊዜ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። በጎቡ ሰዮ ወረዳ የምትገኝ፣ በቆሎ የጫኑ አይሱዙዎች የሚተላለፉባት ከተማ ናት። በዚህችው ከተማ መንገድ ዳር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አጎት አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አሏቸው። ማመልከቻ ይጻፍባታል፣ የኪራይ ውል ይተየብባታል፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይታተምባታል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት የድሮዋ ኮምፒዩተራቸው አልነሳ ስትላቸው ገንዘብ ቆጥረው በእጄ ሰጡኝና «አንተ የተማርክ ነህ፤ ከአዲስ አበባ ደህና ላፕቶፕ ፈልገህ አምጣልኝ» አሉኝ።

የተማረውም ሰው ገዛ። ኮር አይ 7፣ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ሜሞሪ፣ በገበያው ቋንቋ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለው ዓይነት ነበር። ሻጩ በጠረጴዛው ላይ ባለው ቻርጀር ሰክቶ ከፍቶ ሲያሳየኝ ማሽኑ እንደ ሚዳቋ ይዘል ነበር። አኖ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ለመክፈት ያስጠብቃል፣ ፎቶግራፍ ሲታረምበት ይንተፋተፋል፣ ባትሪውም አልሞላ አለ። ወረፋ የያዘው ደንበኛ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ቤት ተዛወረ። አጎቴ ጨዋ ሰው ናቸውና «የድሮዋ ሳትሻል አትቀርም» ከማለት በስተቀር ምንም አልተናገሩም። ለእኔ ግን ከስድብ በላይ ነበር።

የሰፈሩ ወጣቶች መላውን ወዲያው ነገሩን። ማሽኑ «ታስሯል»፤ ባዮሱ መከፈት አለበት፤ ነቀምቴ የሚከፍት ባለሙያ አለ። ክፍያውም ቀላል እንዳልሆነ አብረው አስጠነቀቁን። በማግስቱ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን።

«ይከፈትልኝ»

ባዮስ የሚባለው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ቀድሞ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ የተጻፈውም በማዘር ቦርዱ ላይ በተተከለች፣ ስምንት እግር ባላት፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም በማትበልጥ ቺፕ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ዋት ኃይል እንዲወስድ እንደሚፈቀድለት፣ የትኛው የዋይ ፋይ ካርድ ተቀባይነት እንዳለው፣ ማሽኑ ሲግል መቼ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህች ቺፕ ውስጥ ባለው ጽሑፍ ነው። ገዢው የሚያየው የባዮስ ገጽ ጥቂት ምርጫዎችን ብቻ የያዘ ቢሆንም ከበስተጀርባው አምራቹ የደበቃቸው በርካታ ምርጫዎች አሉ። «መክፈት» የሚባለው ሥራ እነዚህን የተደበቁ ምርጫዎች ማውጣት ወይም በቺፗ ላይ ያለውን ጽሑፍ መለወጥ ማለት ነው።

የነቀምቴው ባለሙያ ግን ማሽናችንን ሲያይ ቺፕ አልፈታም። መሳቢያውን ስቦ አንድ ያገለገለ ቻርጀር አወጣና ሰካው። ከዚያ እንደገና አስነሳው። ማመልከቻው ወዲያው ተከፈተ፤ ባትሪውም መሙላት ጀመረ። አጎቴ እኔን አዩኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዴልና ኤችፒን የመሳሰሉ አምራቾች ቻርጀራቸው ውስጥ ማንነቱንና የዋት መጠኑን የሚናገር ምልክት ያስቀምጣሉ። ይህ ምልክት የሚመጣው በሶኬቱ መሐል ባለችው ቀጭን መርፌ በኩል ነው። በብዙዎቹ የዴል ማሽኖች ላይ መርፌዋ ከተጣመመች፣ ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ምልክቱ ከሌለው፣ ማሽኑ «የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም፤ በዝግታ እሠራለሁ፣ ባትሪም አልሞላም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲበራ ያሳያል። ችኩል ሰው ቁልፍ ተጭኖ ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ። ከዚያ በኋላ 4 ጊጋ ኸርዝ ድረስ መሮጥ የሚችለው ፕሮሰሰር ከ1 ጊጋ ኸርዝ በታች ወርዶ ሲያዘግም ይውላል። ሻጩ ሲያሳየኝ የተጠቀመው በራሱ ቻርጀር ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ የከተተልኝ ግን ሌላ። ባለሙያው የቻርጀሩን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ አሰናበተን። ለ«መክፈት» ቢያስከፍለን ኖሮ ከፍለን፣ አመስግነን እንሄድ ነበር።

አጎቴ ወደ አኖ ሲመለሱ እኔ ለሁለት ቀን ነቀምቴ ቀረሁና ይህን ገበያ ጠጋ ብዬ ለማየት ሞከርኩ።

አምራቹ ለምን ያስራል?

አንድ ነጋዴ ራሱ ያመረተውን ዕቃ ሆን ብሎ ያዳክማል ቢባል ማን ያምናል? ሆኖም በታሪክ የተመዘገበ ነው። አይቢኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 በደቂቃ 10 ገጽ ከሚያትመው ፕሪንተሩ ጎን በደቂቃ 5 ገጽ የሚያትም ርካሽ ፕሪንተር ለገበያ አቀረበ። የሁለቱ ማሽኖች ልዩነት ርካሹ ላይ ሥራውን የሚያዘገይ ተጨማሪ መቆጣጠሪያ መግባቱ ነበር። ዝግተኛው ማሽን ከፈጣኑ ያነሰ ወጪ አልወሰደም ማለት ነው። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው 486 ኤስኤክስ የሂሳብ ክፍሉ እንዳይሠራ የተደረገ 486 ዲኤክስ ነበር፤ ዲኤክሱ 588 ዶላር ሲሸጥ ኤስኤክሱ 333 ዶላር ተሸጠ። ዴነከርና ማካፊ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንን አሠራር «የተጎዱ ዕቃዎች» ብለው ሰይመው ምክንያቱን አስረድተዋል። ባለ ገንዘቡ ሙሉውን ዋጋ እንዲከፍል፣ አቅም የሌለውም ከገበያው እንዳይወጣ ሲባል ለሁለተኛው የሚሆነው ዕቃ ይሰበርለታል። ምሁራኑ አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ወገን ሊጠቀም እንደሚችል አሳይተዋል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ለመዋጥ አሁንም ይቸገራል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ይህንኑ በግልጽ አደረገው። ፔንቲየም ጂ6951 የተባለውን ፕሮሰሰር የገዛ ሰው 50 ዶላር ከፍሎ ተፍቆ የሚነበብ ካርድ ሲገዛ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ቀድሞውኑ የነበረ ነገር ግን የተቆለፈ አቅም ይከፈትለት ነበር፤ ልክ የስልክ ሒሳብ እንደምንሞላው። ጩኸቱ በዝቶ አሠራሩ በዓመቱ ተቋረጠ።

እንግዲህ የነቀምቴው ባለሙያ የሚያደርገው ያንኑ ካርድ ያለ ኢንቴል ፈቃድ መፋቅ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ቁልፍ ሁሉ የዋጋ ቁልፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የፕሮሰሰሩን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ በዚህም ፍጥነቱን ለረጅም ጊዜ እንዲጠብቅ ያስችለዋል። ይህ በአንዲት ነፃ ፕሮግራም የሚሠራ፣ ባለ ላፕቶፖች የሚወዱት ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ግን ተመራማሪዎች ይኸው በር ምስጢር ለመስረቅ ሊውል እንደሚችል «ፕላንደርቮልት» በሚል ስም ይፋ አደረጉና አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ ዘጉት። በሩን መልሶ ለመክፈት ወደ አሮጌው ባዮስ መመለስ ያስፈልጋል፤ አሮጌው ባዮስ ደግሞ ከሌሎች ያልተደፈኑ ቀዳዳዎቹ ጋር ነው የሚመለሰው። ባንክ ሒሳቡን በላፕቶፑ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ይህን ልብ ቢል ጥሩ ነው።

የ28 ሰኮንዱ ጀግና

በገበያው ላይ «ተከፍቷል» ተብሎ የሚሸጠው ዋናው ነገር የዋት ገደብ ነው። የአብዛኞቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ 7-8550ዩን ጨምሮ፣ 15 ዋት እንዲወስድ የተመደበ ሲሆን አምራቹ ከፈለገ ወደ 25 ዋት ከፍ፣ ወደ 10 ዋት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በክዳናቸው ላይ አንድ ዓይነት ተለጣፊ ያላቸው ሁለት «ኮር አይ 7» ማሽኖች በሥራ ላይ እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ። ተለጣፊው አይናገርም፤ ውስጡን ለቄስ።

ከዚህም የከፋው፣ ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከገደቡ በላይ እንዲሮጥ ይፈቀድለታል። ይህ ጊዜ በብዙ ማሽኖች ላይ 28 ሰኮንድ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 15 ዋቱ ይመለሳል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚፈትን ገዢ ስንት ጊዜ ይፈትናል? አንድ ፋይል ይከፍታል፣ አንድ ቪዲዮ ያያል፣ ይዋዋላል። የገዛው ያንን ግማሽ ደቂቃ ነው።

ገደቡን ወደ 25 ዋት ማንሳት ታዲያ ምን ይሰጣል? ኃይሉ በሁለት ሦስተኛ ይጨምራል። ፍጥነቱ ግን እንደዚያ አይጨምርም፤ የሚበላው ኃይል በግምት የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ተከትሎ ስለሚያድግ ትርፉ ወደ 20 በመቶ ሳይደርስ ይቆማል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ እየቀነሰ የሚሄድ ተጨማሪ ምርት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ገበሬም ማዳበሪያ ላይ ያውቀዋል። ሙቀቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጨምራል፤ አድናቂው የተሠራው ግን ለ15 ዋት ነው።

ነቀምቴ ከባሕር ወለል 2,080 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ቀለለ ማለት ነው። የከተማዋ ቅዝቃዜ በመጠኑ ቢያካክሰውም፣ ወደ ባኮ ወርዶ በአኖ ሙቀትና በመንገዱ አቧራ መሐል የተቀመጠ ላፕቶፕ ይህም እድል የለውም። በመሆኑም ከተፈታ ብዙ ዓመት የሆነውን አድናቂ ማጽዳትና የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት መለወጥ ከማንኛውም ባዮስ ለውጥ ይበልጥ የሚከፍልበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ 16 ጊጋ ሜሞሪ ብቻውን ከሚተከል ይልቅ ሁለት 8 ጊጋ መትከል፣ የሚሽከረከረውንም ሐርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት እንዲሁ። ይህ ሁሉ ግን «መክፈት» የሚል ስም ስለሌለው ደንበኛ ሊከፍልበት አይፈልግም።

ቺፗ ስትነካ

በእርግጥ ቺፗን መንካት ግድ የሚሆንባቸው ማሽኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡት የሌኖቮ ቲ430ና ኤክስ230 ላፕቶፖች በጥንካሬያቸው እስከ ዛሬ የሚፈለጉ ሲሆኑ፣ ባዮሳቸው በዝርዝሩ ያልተመዘገበን የዋይ ፋይ ካርድ አይቀበልም፤ የሌላ ድርጅት ባትሪም አይሞላም። ዋናው ባትሪ በማይገኝበት አገር ይህ ማለት ደህና ማሽን ያለ ባትሪ መቅረት ነው። ዝርዝሩን ከባዮሱ የሚሰርዙ ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የጠየቁት ዋጋ በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ንጹሕ ገንዘብ ነው።

የሥራ መሣሪያው ሲኤች341ኤ የምትባል ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ ርካሽ መጻፊያና ቺፗን የሚቆነጥጥ መቆንጠጫ ነው። ርካሽነቷ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የተለመደችው ጥቁሯ ዓይነት በመረጃ መስመሮቿ ላይ 5 ቮልት የምታወጣ ሲሆን፣ የብዙ ላፕቶፖች ቺፕ የሚፈልገው 3.3 ቮልት፣ የአንዳንዶቹ ደግሞ 1.8 ቮልት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቺፗን ያቃጥላል። የሚያውቀው ደግሞ ከመጻፉ በፊት የነበረውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ያስቀምጣል።

ይህ ለምን አስፈለገ? በቺፗ ውስጥ የማሽኑ መለያ ቁጥር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በተሠሩት ላይ የዊንዶውስ የፈቃድ ቁልፍም እዚያው ነው። የራሱን ቅጂ ያላስቀመጠ ባለሙያ የሌላ ማሽን ባዮስ ይጽፍበታል፤ ላፕቶፑም ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሌላ ሰው መታወቂያ ይዞ የሚዞር ዕቃ ነው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ከአምራቹ ድረ ገጽ ትክክለኛውን ፋይል ማውረድ ስለማይቻል በፍላሽ የተቀመጠ ፋይል ዋጋው ምን ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋስ? ግማሽ የተጻፈ ባዮስ ያለው ላፕቶፕ የወረቀት መያዣ ነው።

ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኢንቴል ከ4ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ «ቡት ጋርድ» የሚባል ጥበቃ አስገብቷል። አምራቹ ከተጠቀመበት ፕሮሰሰሩ ራሱ የባዮሱን ፊርማ ይመረምራል፤ የተነካካ ከሆነ አይነሳም። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ማሽን እከፍታለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥም ጥያቄ ማብዛት አይከፋም።

ሌላም ቁልፍ አለ፤ የባለቤትነት ቁልፍ። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የኩባንያ ንብረት የነበሩ ናቸው። ባዮሳቸው ውስጥ ማሽኑ ቢሰረቅ የሚከታተል ክፍል ሊኖር ይችላል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የቀድሞው ድርጅት መግቢያ ገጽ ብቅ የሚልባቸውም አሉ። አንዳንዱ ድርጅቱ ከመዝገቡ መሰረዝ የረሳው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የተሰረቀ። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ይህን ቁልፍ «ከፍቶ» የሚሸጥ ነጋዴ ፍጥነት ሳይሆን ጥያቄ ነው የሸጠው።

የቡናውና የላፕቶፑ ሚዛን

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የተናገሩት በቀጥታ የሚገጥመው እዚህ ነው። እንበል ደህናው ላፕቶፕ 40 ሺህ፣ የደከመው 20 ሺህ ብር የሚያወጣ ቢሆንና ገዢው መለየት ባይችል፣ መሐሉን ይዞ 30 ሺህ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደህናውን የያዘ ሰው አይሸጥም፤ የደከመውን የያዘ ደስ ብሎት ይሸጣል። ገዢውም ይህን ሲነቃ ዋጋውን እንደገና ያወርዳል። ደህናው ዕቃ ከገበያው ይሸሻል።

ወለጋ ይህን ችግር በቡና ላይ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተቋቋመ በኋላ በጊምቢ የቡና ናሙና የሚመረመርበትና የሚቀመስበት ማዕከል ከፍቶ፣ ገዢው ቡናውን በዓይኑ ሳያይ ደረጃውን አምኖ የሚገዛበትን አሠራር አስተዋውቋል። ላፕቶፕን የሚቀምስ የለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ቢልም፣ ስለ ዋት ገደብ የሚጠይቅ ገዢም ሆነ የሚመልስ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይባስ ብሎ ይኸው የቺፕ ጥበብ ገዢን ለማታለልም ይውላል። በዓለም ገበያ አሮጌ የግራፊክስ ካርዶች ባዮሳቸው ተለውጦ ራሳቸውን በአዲስ ሞዴል ስም ሲያስተዋውቁ ተገኝተዋል። ፍላሽ ዲስኮችና ኤስኤስዲዎችም ያላቸው ጥቂት ጊጋ ሆኖ ሳለ ብዙ እንደሆነ እንዲናገሩ ተደርገው ይሸጣሉ። ዊንዶውስ የሚያሳየው ቺፑ የነገረውን ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከአኖው ውርደት በኋላ ሱቅ ሲገባ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆማል። በሚሰጠው ቻርጀር እንጂ በሻጩ ቻርጀር አይፈትንም። ባዮሱ ውስጥ ገብቶ የቻርጀሩ ዋት መታወቁን ያያል፤ እዚያ የተጻፈውን መለያ ቁጥር ከማሽኑ ጀርባ ካለው ጋር ያስተያያል። ከዚያም ከባድ ሥራ አዝዞ በታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የት ወርዶ እንደሚቆም ይመለከታል። ሻጮች አይወዱትም። አንዱ ወንበር አቅርቦልኛል፤ ለቀልድ ይሁን ለአክብሮት አልገባኝም።

ይህ ትዕግሥት ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ይከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ደርሷል፤ አዲስ ላፕቶፕ ከብዙ ተማሪና ከትንሽ ነጋዴ እጅ ርቋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ነቀምቴ ደግሞ ያለ ላፕቶፕ አትሆንም። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን በመሆኑ፣ የውጭ ኩባንያዎች 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖቻቸውን ለመጣል ምክንያት አግኝተዋል። እነዚህ በርካሽ ወደ እኛ ቢጎርፉ የሚያስገርም አይሆንም። አስመጪዎች በ8ኛውና በ7ኛው መካከል የሚኖረውን የዋጋ ልዩነት ከወዲሁ ቢያሰሉት ይበጃቸዋል። «7ኛውን ከፍተን 8ኛ እናደርግልሃለን» የሚል ባለሙያ ከመጣም፣ የዊንዶውስ 11ን ማጣሪያ አልፎ መጫን ይቻላል እንጂ ጄኔሬሽን አይለወጥም።

ባለፈው ኅዳር አኖ ስደርስ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ከሲሬ የመጣ አንድ ደላላ ተቀምጦ አገኘሁ። «ነቀምቴ የተከፈተው» ላፕቶፕ ወሬ ደርሶት ነው የመጣው፤ ከገዛንበት በላይ ሊከፍል ዝግጁ ነበር። አጎቴ የተለወጠው ቻርጀሩ ብቻ እንደሆነ ነገሩት። ደላላው ሳቀና ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ኦቦ ዋጋ ለመስቀል ነው እንጂ ቻርጀር ማሽን ያፈጥናል እንዴ?» አለኝ። ላፕቶፑን ግን አልሸጡለትም። ቻርጀሩንም ማታ ማታ ከገንዘቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል።